የእናቲቱ ጠባይ እና የሕፃኑ ሚዛን

በአገራችን ለነፍሰ ጡር ሴት መርዶ አይነገርም። ወንድሟ ሞቶ እንደ ሆነ ቤተ ዘመድ ተማክሮ ወሬውን ይደብቃል፤ ልቅሶው በሌላ ሰፈር ይለቀሳል፤ ጎረቤትም ሁሉ እርሷ እስክትገላገልና እስክትጠነክር ድረስ አፉን ይዞ ይጠብቃል። በፊቷ አይጮኽም፤ ድንጋጤ ይጠበቅላታል፤ ያማራትም ነገር ተፈልጎ ይመጣላታል። የዚህ ሁሉ ሐሳብ ግልጽ ነው። የእናት ልብ ከተነካ በማሕፀኗ ያለውም ይነካል ማለት ነው።

ይህ ደግ ልማድ ግን ሌላ ፊት አለው። ሕፃኑ ያለ ጊዜው ወይም ከስቶ የተወለደ እንደ ሆነ ጣት ሁሉ ወደ እናቲቱ ይቀሰራል። «ግልፍተኛ ስለ ሆነች ነው»፤ «ሆደ ባሻ ስለ ሆነች ነው»፤ «ስትፈራ ስትባባ ከርማ ነው» ይባላል። በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የሚያገለግሉ አንድ አንባቢ በቅርቡ የላኩልኝ ደብዳቤ ይህንኑ የሚያወሳ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው 2 ኪሎ ከ100 ግራም ሆኖ ተወለደ። እናታቸውም «የምራቴ ጠባይ እሳት ነው፤ ልጁን በሆዷ ሳለ ያከሳችው እርሷ ናት» እያሉ ለመጣ ጠያቂ ሁሉ ይናገራሉ። ባለቤታቸው ደግሞ ይህን እየሰሙ ማልቀስ አብዝተዋል። የጸሐፊው ጥያቄ አጭር ነው። «ሳይንስ የሚፈርደው ለእናቴ ነው ወይስ ለባለቤቴ?»

ጥያቄው የአማትና የምራት ጠብ ቢመስልም ብዙ ሊቃውንት የደከሙበት ነው፤ ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለእርሱ ሰጥቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ እምነት የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። በ1726 በእንግሊዝ አገር፣ ጎዳልሚንግ በምትባል ከተማ፣ ሜሪ ቶፍት የምትባል አንዲት ደኻ ሴት ጥንቸሎች ወለደች ተብሎ አገር ታመሰ። እርሷ እንዳለችው እርጉዝ ሳለች በእርሻ ላይ ጥንቸል አይታ ብታባርር አመለጠቻት፤ ከዚያ ወዲያ ልቧ ከጥንቸል አልተለየም። የንጉሥ ጊዮርጊስ 1ኛ የቀዶ ጥገና ሐኪም ናትናኤል ሴንት አንድሬ ሄዶ አየ፤ አየና አመነ፤ መጽሐፍም እስከ ማሳተም ደረሰ። ሴትዮዋ ወደ ለንደን ተወስዳ ዘበኛ ሲቆምባት ግን ማታለሏን ተናዘዘች፤ ሐኪሙም የከተማው መሳቂያ ሆነ። እንዲህ የተሞኘው ደንቆሮ ስለ ነበረ አይደለም። በዚያ ዘመን እናት ያየችውና የተመኘችው ነገር በልጅዋ አካል ላይ ይታተማል የሚለውን ብዙ የተማሩ ሰዎችም ያምኑት ስለ ነበረ ነው። እኛም በልጅ ገላ ላይ የሚታየውን ምልክት «ማርያም የሳመችው» እንላለን፤ የእኛው እንኳ በእናቲቱ ላይ የሚፈርድ አይደለም፤ እንዲያውም ምርቃት ይመስላል።

በእናቲቱ ላይ የፈረድንበት ግን አለን፤ እርሱም ሾተላይ ነው። የመጀመሪያ ልጇ በደኅና ተወልዶላት፣ ከዚያ በኋላ ያሉት አንዱ በሆዷ፣ ሌላው ቢጫ ሆኖ በተወለደ በጥቂት ቀን የሚሞቱባት ሴት «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። በዚህ ምክንያት ስንቷ ከትዳሯ ወጣች! በ1940 ላንድስታይነርና ዊነር የተባሉ ሊቃውንት አር ኤች ስለሚባለው የደም ዓይነት ባስታወቁ ጊዜ ምስጢሩ መገለጥ ጀመረ። የእናቲቱ ደም አር ኤች የሌለው፣ የሕፃኑ ደም ግን ከአባቱ ወርሶ ያለው ሲሆን፣ በመጀመሪያው ወሊድ ጊዜ ጥቂት የልጁ ደም ወደ እናቲቱ ይገባል። ሰውነቷም ያን እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያበጃል፤ መከላከያውም ተከትሎ የሚመጣውን ልጅ ደም ያፈርሳል። ከ1968 ጀምሮ ይህን የሚከለክል መርፌ በሥራ ላይ ዋለ። ስንት ዘመን በሴቲቱ ሲላከክ የኖረው ነገር የደም ጉዳይ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ከአባትየው በሚወረስ ደም! ስለ እናት ጠባይ አንድ ነገር በሰማሁ ቁጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል፤ አንባቢም በልቡናው ይዞት እንዲሄድ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የሥነ ልቡና ሊቃውንት ጠባይንና የጊዜውን ስሜት ለያይተው ያያሉ። ደጋም አንዳንድ ቀን ይሞቃል፤ ቆላም አንዳንድ ሌሊት ይበርዳል፤ አገሩ ግን ደጋነቱንና ቆላነቱን አይለቅም። እንደዚሁ በተፈጥሮዋ ረጋ ያለች ሴት የቤት ኪራይ ሲጨመርባት ትጨነቃለች፤ በተፈጥሮዋ ሥጉ የሆነችም ሴት ስትስቅ የምትውልበት ቀን አላት። አሜሪካዊው ቻርልስ ስፒልበርገርና ጓደኞቹ በ1970 ያወጡት ስመ ጥሩ መጠይቅ በዚህ መሠረት ለሁለት የተከፈለ ነው። 20 ጥያቄ «አሁን ምን ይሰማሻል» የሚል ነው፤ ሌላው 20 ደግሞ «ዘወትር እንዴት ነሽ» የሚል ነው። የጸሐፊው እናት የሚከሱት ሁለተኛውን፣ ማለት ጠባዩን ነው።

በሕፃኑም በኩል ልክ አለ። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ያለ ጊዜው የተወለደ ይባላል። ከ2500 ግራም በታች የሆነ ደግሞ ክብደቱ ያነሰ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጊዜውን ጨርሶ ክብደቱ የሚያንስ አለ፤ ያለ ጊዜው ተወልዶ ለሳምንቱ ደኅና የሚመዝንም አለ።

እንግዲህ ጠባይ ከዚህ ጋር ግንኙነት አለውን? አለው። በ1999 ክሪስቲን ሪኒና ክሪስቲን ደንከል ሼተር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ230 አሜሪካውያን ነፍሰ ጡሮች ላይ ያደረጉትን ምርመራ አሳተሙ። የለኩትም ሴቲቱ ለራሷ ያላትን ግምት፣ ተስፋዋንና «ኑሮዬን በእጄ ይዣለሁ» የሚለውን ስሜቷን ነው። ይህ ሀብት የበረታላቸው እናቶች የወለዷቸው ልጆች በክብደት ላቅ ያሉ ሆነው ተገኙ፤ ጭንቀት የበዛባቸው ደግሞ ቀደም ብለው ወለዱ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2000፣ ማርሲ ሎበልና ጓደኞቿ እርግዝናቸው በሐኪም ዘንድ አሥጊ የተባለ 129 ሴቶችን ተከታትለው ተስፈኛ ጠባይ ያነሳቸው እናቶች ያነሰ ክብደት ያላቸውን ልጆች እንደ ወለዱ ጻፉ።

አማቲቱ ይህን ቢሰሙ «አላልኳችሁምን!» ሳይሉ አይቀሩም። ነገር ግን የሁለቱን ምርመራ ዝርዝር እንመልከት። በ1999ኙ ጽሑፍ ያ የልብ ብርታት በብዛት የተገኘው በእነማን ዘንድ ነው? ትዳር ባላቸው፣ ገቢያቸው ሻል ባለና የበለጠ በተማሩት ዘንድ ነው። በ2000ው ደግሞ ተስፈኞቹ ሴቶች ሰውነታቸውን ማንቀሳቀስ የሚያዘወትሩ ነበሩ፤ ይህን የሚያዘወትሩትም ያለ ጊዜው የመውለድ አደጋቸው ያነሰ ነበረ። ተማሪዎቼን ይህን ሳስተምር ዶሮን እጠቅሳለሁ። ዶሮ ሲጮኽ ይነጋል፤ ዶሮ ስለ ጮኸ ግን አይነጋም። «ኑሮዬን በእጄ ይዣለሁ» የምትል ሴት ምናልባት እውነትም ኑሮዋ በእጇ ነው፤ የራሷ ገንዘብ፣ የምታርፍበት አልጋ፣ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ሰው አላት። ይህን ሁሉ ያጣችውን ሴት ወስደን «ተስፋ የመቁረጥ ጠባይ አለባት» ብንል፣ የኪሷን ባዶነት በልቧ ላይ መጻፋችን ነው።

ይህን ስለሚያውቁ አንዳንድ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ፈለጉ። ጠባይ ሳይመርጥ ሁሉንም እኩል የሚያስደነግጥ ነገር ያስፈልግ ነበር፤ እርሱም የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። በጥር 1994 በካሊፎርኒያ ኖርዝሪጅ በተባለው ሰፈር መሬት በተንቀጠቀጠ ጊዜ፣ ሎራ ግሊንና ባልደረቦቿ ይከታተሏቸው የነበሩትን 40 ሴቶች አመሳከሩ። በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ሳሉ የደነገጡት በአማካይ 38 ሳምንት ላይ ወለዱ፤ በመጨረሻዎቹ ወራት የደረሰባቸው ግን 39 ሳምንት ሊሞሉ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አርባ ሴት ናት። ሆኖም በሰኔ 2005 በሰሜን ቺሊ፣ በታራፓካ፣ ብርቱ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ፍሎሬንሲያ ቶርቼ የተባለች የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅም የመንግሥቱን የልደት መዝገብ መረመረች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሳሉ ድንጋጤው ያገኛቸው እናቶች ልጆች በአማካይ 50 ግራም ያህል ቀለሉ።

50 ግራም ማለት የአንድ እንቁላል ክብደት ነው። ቤት ፈርሶ፣ መሬት ከእግር በታች ሸሽታ፣ በአማካይ የጎደለው አንድ እንቁላል! በአንድ አገር ልጆች ሁሉ ላይ ሲደመር ቀላል አይደለም፤ በወሰን ላይ ያሉትን ሕፃናት ወደ አደጋ ይገፋልና። ለአንድ ቤት ክርክር ግን ሚዛኑ ይኸው ነው። የጸሐፊው ልጅ ከ2500 ግራም የጎደለው 400 ግራም ነው፤ እሳት የመሆን ጠባይ ከመሬት መንቀጥቀጥ ስምንት እጥፍ ይበረታል ካላልን በስተቀር ይህን ሁሉ በእናቲቱ ቁጣ ማሳበብ አይቻልም። ልጅን የሚያከሱ የታወቁ ምክንያቶች ሞልተዋል፤ ወባ፣ የደም ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የእናቲቱ ምግብ ማነስ፣ መንታ መሆን፣ በወሊድና በወሊድ መካከል ያለው ጊዜ ማጠር ከእነዚህ ናቸው። የመጀመሪያ ልጅም ከተከታዮቹ በአማካይ ይቀልላል።

ስለ መርዶው ልማዳችንም የሚናገር ምርመራ አለ። በ2011 የስዊድን ተመራማሪዎች ከአሜሪካውያን ጋር ሆነው 2.6 ሚሊዮን ያህል ልደቶችን ከሞት መዝገብ ጋር አመሳክረው የቅርብ ዘመድ የሞተባቸውን ነፍሰ ጡሮች ለይተው አዩ። ያለ ጊዜው መውለድና የክብደት ማነስ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ይልቁንም ኀዘኑ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር የደረሰባቸው ናቸው። አማካይ ልዩነቱ ግን ያም ቢሆን ትንሽ ነው። እንግዲህ አያቶቻችን የቆሙበት አቅጣጫ ትክክል ነው፤ መጠኑ ግን እንደ ፈሩት አይደለም። እኔ በበኩሌ መርዶ መደበቁን አልነቅፍም፤ ብቻ ወንድሟን ሳትቀብር የቀረች ሴት በኋላ የምታለቅሰው ልቅሶም መቆጠር አለበት እላለሁ።

ድንጋጤ ከልብ ወደ ማሕፀን የሚሄደው በምን መንገድ ነው? ሰው ሲደነግጥ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖች ወደ ደም ያፈሳሉ። ፈጣሪ ግን ለሕፃኑ ዘበኛ አቁሞለታል። የእንግዴ ልጁ የእናቲቱን ኮርቲሶል አብዛኛውን ተቀብሎ ወደማይሠራ ዓይነት የሚለውጥ ኤንዛይም አለው። ስለዚህ እናት በተቆጣች ቁጥር ቁጣው እንዳለ ወደ ልጁ አይደርስም። ዛሬ ጧት ከጎረቤት ጋር የተጨቃጨቀች ነፍሰ ጡር ይህን አንብባ ትረጋጋ።

ይሁን እንጂ ጭንቀቱ ከወር ወር ሲቀጥል ሌላ ነገር ይመጣል። በአንጎላችን ውስጥ ኮርቲሶል ሲበዛ «ይበቃል» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል፤ አንጎልም ማነሣሻውን ሆርሞን ይቀንሳል። በእንግዴ ልጅ ውስጥ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኮርቲሶል ያንኑ ማነሣሻ፣ ሲ አር ኤች የሚባለውን፣ ይጨምረዋል። በ1995 በአውስትራልያ፣ በኒውካስል ከተማ፣ ሮጀር ስሚዝና ጓደኞቹ እንዳሳዩት ያለ ጊዜያቸው በወለዱት ሴቶች ደም ውስጥ ይህ ሆርሞን ገና በእርግዝናው አጋማሽ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ነበር፤ ጊዜያቸውን አሳልፈው በወለዱት ዘንድ ደግሞ ዝቅ ብሎ ነበር። እነርሱም «የእንግዴ ልጅ ሰዓት» ብለው ሰየሙት። ሰዓቱን የሚያስቀድመው አልፎ አልፎ የሚመጣ ቁጣ ሳይሆን ሳያቋርጥ የሚቆይ ሸክም ይመስላል። ከዚህም ጋር ደግሞ ተራው መንገድ አለ፤ የተጨነቀች ሴት እንቅልፍ ታጣለች፣ ምግብ ይዘጋታል፣ ሐኪም ቤት መሄድ ትተዋለች።

ሊቃውንቱ ከሚለኩት የፍርሃት ዓይነቶች ሁሉ ካለ ጊዜው መውለድ ጋር ደጋግሞ የተገናኘው አንዱ ነው፤ እርሱም ስለዚያው እርግዝና ያለ ፍርሃት ነው። «በሰላም እገላገል ይሆን? ልጄ ደኅና ይሆን? ሐኪሞቹ እንዴት ይቀበሉኝ ይሆን?» የሚለው ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጠባይ ነውን? በከፊል ነው፤ ሥጉ ሴት የበለጠ ትፈራለች። ነገር ግን እኅቷ በወሊድ የሞተችባት ሴት ብትፈራ ጠባይዋ ነው እንላለንን?

በዚህ ነገር የእኛው አገር ምርመራ አለ፤ እጅግም የሚያኮራ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቡታጅራ፣ ዶክተር ሻርሎት ሃንሎንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ 1065 ነፍሰ ጡሮችን ከእርግዝናቸው የመጨረሻ ወራት ጀምረው ተከታተሉ፤ ውጤቱም በ2009 ታተመ። የተጠቀሙበት መጠይቅ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ ነው። ራስ ምታት አለብሽ ወይ? እንቅልፍ ይነሣሻል ወይ? ከቀድሞ ይልቅ ታለቅሻለሽ ወይ? የሚልና ይህን የመሰለ ነው፤ መልሱም አዎን ወይም አይደለም ነው።

ከአውሮፓና ከአሜሪካ የተማርነውን ይዘን ብንገምት ጭንቀት የበዛባቸው እናቶች ልጆች ክብደት ያንሳል እንል ነበር። አልሆነም! በቡታጅራ በእናቲቱ ጭንቀትና በሕፃኑ ሚዛን መካከል ግንኙነት አልተገኘም። የተገኘው በሌላ ቦታ ነው። ከ20ው ጥያቄ 6 ወይም ከዚያ በላይ «አዎን» ያሉት ሴቶች፣ አንድም ምልክት ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ምጣቸው ከ24 ሰዓት በላይ የመቆየቱ ነገር አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነበር። ሕፃኑን ጡት ለማስጀመር ከ8 ሰዓት በላይ የመዘግየታቸው ነገር ደግሞ ሦስት እጥፍ ሊሞላ የቀረበ ነበር። ምጥ በቤት በሚሆንበት አገር 24 ሰዓት ማማጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ለገጠር ልጅ መንገር አያስፈልግም።

ጭንቀት ምጥን የሚያስረዝመው እንዴት ነው? እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ ሪድ በ1933 ባወጣው መጽሐፍ ፍርሃት ጡንቻን ያስራል፣ የታሰረ ጡንቻ ያማል፣ ሕመሙም ፍርሃትን ይጨምራል ሲል ጽፎ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ ብዙ ተሳለቁበት፤ እውነትም አንዳንድ ቦታ ከሚገባው በላይ ሄዷል፤ ምጥ የሚያመው ስለሚፈራ ብቻ ነው ማለት በሚያምጡት ላይ መቀለድ ነው። የሐሳቡ ፍሬ ግን ድጋፍ አገኘ። በ1978 ሬጂና ሌደርማንና ጓደኞቿ በ32 የመጀመሪያ ልጅ ወላጆች ደም ውስጥ ያለውን ሆርሞን ለክተው፣ የተጨነቁት ሴቶች አድሬናሊን ከፍ ያለ፣ የማሕፀናቸው ግፊት የደከመ፣ ምጣቸውም የረዘመ መሆኑን አሳዩ። ለሚሸሽ እግር ብርታት የሚሰጠው አድሬናሊን የማሕፀንን ጡንቻ ያላላል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያስደንቀኝን ምርመራ ልንገራችሁ። በ1980 ሶሳ፣ ኬኔልና ክላውስ የተባሉ ሐኪሞች በጓቲማላ በአንድ ሆስፒታል ያዩትን አሳተሙ። በዚያ ሆስፒታል እናቶች ብቻቸውን ያምጡ ነበር፤ ዘመድ አይገባም። ሐኪሞቹ በዕጣ ለተመረጡት ሴቶች አንዲት ሴት አጠገባቸው እንድትቀመጥ አደረጉ። አዋላጅ አይደለችም፤ ዘመድም አይደለች፤ ከዚያ በፊት አይታቸው አታውቅም። ሥራዋ እጅ መያዝ፣ ጀርባ ማሸት፣ ማነጋገር ነው። ወሊዱ ያለ ችግር ካለፈላቸው መካከል ብቻቸውን የነበሩት ከገቡ እስኪወልዱ 19 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው፤ ሰው አጠገባቸው የነበረው ግን 9 ሰዓት እንኳ አልሞሉም። የማንም ጠባይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አጠገባቸው ያለው ወንበር ነው።

ለዚህ ቁጥር ግን አንጨብጭብ። በኋላ በብዙ አገር ተደጋግሞ ሲፈተን ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ፤ በ2017 የ26 ፈተናዎች ውጤት፣ ከ15,000 የሚበልጡ ሴቶች ያሉበት፣ በአንድ ላይ ሲደመር የምጡ ማጠር በአማካይ 40 ደቂቃ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያም ሆኖ ሰው አጠገባቸው የነበረው እናቶች በቀዶ ጥገና መውለዳቸው ቀነሰ፤ ስለ ወሊዳቸውም በምሬት የሚያስቡት አነሱ። መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያደርግ፣ ያውም ጉዳት የሌለው፣ በውድ በተሸጠ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ባወጣው መመሪያ ማንኛዋም ሴት በምጥ ጊዜ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን አሳስቧል። ማርያም ማርያም እያሉ ወገብ ሲደግፉ የኖሩት የመንደራችን ሴቶች ይህን ያለ መመሪያ ሲሠሩት ነበር፤ ወጉ የተቋረጠው እናቲቱ ወደ ሆስፒታል ገብታ እነርሱ ከበር ሲቀሩ ነው።

አሁን ለደብዳቤው። ወንድሜ፣ ሳይንስ ለእናትዎ ጥቂት ይሰጣል፤ የእናት መንፈስ ከልጅ ልደት ጋር ግንኙነት አለው። ነገር ግን ይህ አማካይ የሚነገረው ስለ ብዙ ሺህ እናቶች ነው፤ «የዚህች ሴት ልጅ በጠባይዋ ምክንያት ከሳ» የሚያሰኝ ሐኪምም መጠይቅም የለም። ከዚህ ይልቅ በዛሬው ቀን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እናትዎ የሴት ኀዘን ልጅን ይጎዳል ብለው ያምናሉ፤ እንደዚያ ካመኑ አራሷን በየቀኑ የሚያስለቅሳት ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። በቡታጅራ የተጨነቁት እናቶች ጡት ለማስጀመር እንደ ዘገዩ አይተናል፤ 2 ኪሎ ከ100 ለሚመዝን ልጅ ደግሞ ከእናት ጡትና ከእናት ገላ ሙቀት የሚበልጥ ነገር የለም። ለእናትዎ በአክብሮት ይንገሩ፤ እርስዎ ካልቻሉ አጎት ወይም የነፍስ አባት ያናግሩልዎት። ልጁን በየጊዜው ወስደው ያስመዝኑት፤ ባለቤትዎም ማልቀሱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ እንደ ሆነ ለሐኪም ይናገሩ፤ ይህ ሆደ ባሻነት ሳይሆን የሚታከም ሕመም ሊሆን ይችላል።

ለዚህም መሣሪያ አለ። በ1987 በስኮትላንድ ጆን ኮክስና ባልደረቦቹ ያወጡት 10 ጥያቄ ብቻ ያለው መጠይቅ፣ የኤዲንበርግ መለኪያ የሚባለው፣ በአዲስ አበባ እናቶች ላይ በአማርኛ ተፈትኖ ውጤቱ በ2010 ታትሟል። ጠይቆ ለመጨረስ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ሚዛንና የደም ግፊት መለኪያ ካለበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት መጨመር ማለት ነው።

ሁለት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ አባት በመንፈስ ሲታወክ ልጅ ይነካል ወይ ሲሉ ጠይቀዋል። ቦታ አልበቃኝም፤ በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ዓምድ እመለስበታለሁ።